ሽመላዋ የዘገየችበት የግጥም ምሽት

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ የአይሁድን ስደት በግጥም የሚያስቃኝ የንባብ ምሽት አዘጋጅቶ ነበር። መግቢያው የጀበና ቡናን ጨምሮ 150 ብር ሲሆን ለሁለት ሰዓት ዝግጅት ውድ የሚባል አይደለም።

ንባቡ የተከፈተው በግእዙ አቆጣጠር 136ኛ፣ በዕብራይስጡ 137ኛ በሆነው የዳዊት መዝሙር ነው። አንባቢዋ በግእዝ፣ ቀጥላም በአማርኛ ስታሰማው፣ በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡት ምርኮኞች ማራኪዎቻቸው ዘምሩልን ሲሏቸው በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን ማለታቸው ራሱ መዝሙር ሆኖ እንደቀረ በግልጽ ተሰማኝ።

ከሁሉ የረካሁት ግን በይሁዳ ሃሌዊ ነው። ይህ አይሁዳዊ ገጣሚ ማንም ሳያሳድደው በእስፔን በሐኪምነት ተከብሮ እየኖረ፣ አካሉ በምዕራብ ጫፍ፣ ልቡ በምሥራቅ እንደሆነ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1140ም የናፈቃትን ቅድስት ምድር ፍለጋ ተነሥቶ እስክንድርያ ደረሰ፣ በማግስቱም ዓመት ዐረፈ። አይሁድ ከእስፔን የተባረሩት ከዚያ 350 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1492 በመሆኑ፣ ናፍቆት ከመባረር ሊቀድም እንደሚችል አንባቢዋ ያስረዳችበት መንገድ እጅግ የሚደነቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ከበርሊን ወደ ስቶክሆልም የሸሸችው፣ በጀርመንኛ የምትጽፈው አይሁዳዊት ገጣሚ የኔሊ ዛክስ ግጥም ግን ከእንግሊዝኛ ስለተመለሰ ሳይሆን አይቀርም፣ ስንኙ ጎረበጠኝ።

ቅር ያሰኘኝ ትርጉም የማይሻው ግጥም በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች መጨናነቁ ነው። የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቄሶች በግእዝ ይጸልያሉ፤ ልጆቻቸውም በሰማይ የሚያልፉትን ሽመላዎች ኢየሩሳሌም ደህና መሆኗን የሚጠይቁበት ዜማ አማርኛ ነው። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ 4,000 ያህል ሰዎች በመንገድና በመጠለያ አልቀዋል፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡት ከአዲስ አበባ ወደዚያው በአውሮፕላን ተጓጉዘዋል። ይህን ሁሉ በሩጫ ማለፍ አይገባም ነበር። ግጥሞቹም በወረቀት ታትመው ቢታደሉ ኖሮ ከኋላ የተቀመጥነው፣ ድምፅ ማጉያው ሲቆራረጥ፣ ስንኝ ባላመለጠን ነበር።

ምሽቱ ይደገማል ተብሏል፤ እኔም ተመልሼ እሄዳለሁ፣ አዘጋጆቹ ግን በሽመላዋ እንዲጀምሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ጎንደር ያደጉ እናት ዜማውን ከአንባቢዋ ቀድመው ያንጎራጉሩት ነበርና፣ መድረኩ ሲዘጋ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነበሩ።