ነጭናጫው ወንደላጤና አስተናጋጇ
እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውንና ጃክ ኒኮልሰንንና ሄለን ሀንትን ለኦስካር ያበቃውን «አዝ ጉድ አዝ ኢት ጌትስ» የተባለ ፊልም፣ ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ ቪዲዮ ቤት በፍላሽ አስጭኜ ተመለከትሁት። ሜልቪን የፍቅር ልብ ወለድ እየጻፈ ሰውን ሁሉ የሚሳደብ፣ ምግብ ቤት እንኳ የራሱን የፕላስቲክ ሹካና ቢላ ይዞ የሚገባ ነጭናጫ ወንደላጤ ሲሆን፣ አመሉን ችላ የምታስተናግደው ካሮል ደግሞ አስም የሚያሠቃየውን ልጇን ያለ አባት ታሳድጋለች። ሐኪሙ ቤቷ ድረስ መጥቶ ልጁን ሲመረምር ፊቷ ላይ የሚፈራረቀው እፎይታና ጥርጣሬ በፊልሙ ውስጥ ካሉት ትዕይንቶች ሁሉ የላቀ ነው፤ ወጪውን የሸፈነው ሜልቪን ስለሆነ መጠርጠሯም አያስወቅሳትም። ይሁን እንጂ በሠዓሊው ጎረቤቱ ላይ የሚያወርደው ስድብ ዛሬ አያስቅም፤ በሁለቱ ተዋንያን መካከል ያለው የ26 ዓመት የዕድሜ ልዩነትም ፍቅራቸውን ለማመን ያስቸግራል። ልጆች ከተኙ በኋላ ቢታይ ይመረጣል።