«አራት ቀን» የሚል የፊገር ስኬቲንግ ትኬት ሲቀርብላችሁ አትክፈሉ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ለፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱና እየዘለሉ የሚወዳደሩበት ስፖርት) ሻምፒዮና ጥቅል ትኬት አለኝ የሚላችሁ ሰው «አራት ቀን» ብቻ ካላችሁ፣ አትክፈሉ። የትኛው ውድድር፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ወንበር እንደሆነ በጽሁፍ እስኪያሳውቃችሁ ድረስ አንድ ዶላር አትላኩ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ 1,850 ዶላር ላክሁ። ቦስተን ድረስ ሄጄም ላየው የጓጓሁለትን ልጅ ሳላይ ተመለስኩ።

ነገሩ የደረሰብኝ በ2025 የዓለም ሻምፒዮና ላይ ነው። ከማርች 25 እስከ 30፣ ቦስተን፣ ቲዲ ጋርደን የሚባለው አዳራሽ ውስጥ።

ለምን ያህል እንደጓጓሁ ካልነገርኳችሁ ለምን ቶሎ እንደከፈልኩ አይገባችሁም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ አንዲት አዛውንት ነበሩኝ። ስትሮክ አንደበታቸውን ይዞታል። ፊገር ስኬቲንግ በቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ቀና ብለው ይቀመጡ ነበር። ስኬተሩ ዘሎ ሲያርፍ ጣታቸውን ያወጡልኛል፤ ሁለት ዙር ከሆነ ሁለት ጣት፣ ሦስት ከሆነ ሦስት። መቁጠር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካረፉ በኋላም ማየቴን አልተውኩም። የእህቴም ልጅ ከእኔ ያዘባት፤ አሁን 13 ዓመቷ ነው፣ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ከዚያ ኢሊያ ማሊኒን መጣ። እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ያደገ፣ ሬስተን የሚለማመድ የሰፈራችን ልጅ። በሴፕቴምበር 2022 ሌክ ፕላሲድ ላይ ኳድ አክስልን ዘሎ አረፈ። አየር ላይ አራት ዙር ተኩል ማለት ነው፤ ከእሱ በፊት በውድድር ላይ ማንም አሳክቶት አያውቅም። አዛውንቷ በሕይወት ቢኖሩ ስንት ጣት ያወጡ ነበር እያልኩ ሳስብ አመሸሁ።

ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ደግሞ ያ አደጋ ደረሰ። ከዊችታ የመጣው አውሮፕላን እዚህ ዋሽንግተን፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ከሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። 67 ሰው አለቀ። 28ቱ የስኬቲንግ ቤተሰብ ናቸው፤ ከአገር አቀፉ ሻምፒዮና ቀጥሎ ከተደረገ ሥልጠና የሚመለሱ ልጆች፣ ወላጆቻቸው፣ አሠልጣኞቻቸው። የቦስተኑ የስኬቲንግ ክለብ ብቻ ስድስት ሰው አጣ። የእህቴ ልጅ ለሳምንት ያህል ምግብ አልበላ አላት። ያን ጊዜ ነው ለራሴ «ማርች ላይ ቦስተን እንገኛለን» ያልኩት።

እንዲህ ልባችን ተነክቶ ሳለ ነው የሚያገኙን። ማስታወቂያው በጓደኛዬ ጓደኛ በኩል ስልኬ ላይ ደረሰኝ። ላዩ ላይ የማሊኒን ፎቶ አለ። «የዓለም ሻምፒዮና፣ አራት ቀን፣ ለሁለት ሰው፣ ከሆቴል ጋር» ይላል። ደወልኩ። የኛው ሰው ነው፣ አማርኛው የሚጣፍጥ። «እህቴ፣ ምንም አታስቢ፣ ሁሉም እጄ ላይ ነው፤ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልክሽ ላይ ይገባል» አለኝ። በዜል፣ ከባንክ ሒሳብ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት መንገድ፣ ላኩለት። የውድድሩን ስም አልጠየቅኩም። የወንበር ቁጥር አልጠየቅኩም። ፎቶውን አይቼ የማሊኒን ትኬት የገዛሁ መሰለኝ።

ሁሉም እጁ ላይ አልነበረም። ያኔ አንድም ትኬት አልያዘም። አየር ባየር ነው የሸጠልኝ። መጀመሪያ ገንዘቤን ተቀበለ፤ ከዚያ ውድድሩ ሲቃረብ ርካሹን እየለቀመ ገዛ። አንድ ሳምንት ሲቀረው ያለው ትኬት የደረሰኝ ማክሰኞ ማታ ነው፣ ቦስተን ከገባን በኋላ።

ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት። በአውራ ጣቷ ወደ ታች እየገፋች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች። ከዚያ ወደ ላይ መለሰችውና እንደገና አነበበች። «አክስቴ» አለችኝ፣ «ኢሊያ የለበትም እኮ።»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። የፊገር ስኬቲንግ ሻምፒዮና አንድ ውድድር አይደለም። አራት ነው፦ ለየብቻ የሚወዳደሩ ወንዶች፣ ለየብቻ የሚወዳደሩ ሴቶች፣ ወንድና ሴት አብረው የሚቀርቡበት ጥንዶች፣ እና ወንድና ሴት በበረዶ ላይ የሚደንሱበት አይስ ዳንስ። እያንዳንዱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቀርባል፤ መጀመሪያ አጭሩ ትርዒት፣ በሌላ ቀን ረጅሙ ትርዒት። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ዝግጅቶች አሉ፤ አንዱ ቀን ላይ፣ አንዱ ማታ። የቀኑ ሲያልቅ አዳራሹ ይለቀቃል። ለማታው ሌላ ትኬት ያስፈልጋል።

ቦስተን ላይ ረቡዕ ቀን የሴቶች አጭሩ፣ ማታ የጥንዶች አጭሩ ነበር። ሐሙስ ቀን የወንዶች አጭሩ፣ ማታ የጥንዶች ረጅሙ። ዓርብ ቀን የአይስ ዳንስ የመጀመሪያው፣ ማታ የሴቶች ረጅሙ። ቅዳሜ ቀን የአይስ ዳንስ መጨረሻው፣ ማታ የወንዶች ረጅሙ። እሑድ አሸናፊዎቹ የሚያሳዩት ትርዒት፣ ጋላ የሚሉት።

የኔ ሰውዬ የሰጠኝ ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ ቀን እና ቅዳሜ ቀን ነው። ከእያንዳንዱ ቀን ፈላጊው ያነሰውን አንዱን መረጠልኝ። አንድም ወንድ ነጠላ፣ አንድም ሴት ነጠላ የለበትም። እሑድም የለም። ቁጥሩ ግን ልክ ነው። ስደውልለት ድምፁን እንኳን ሳይቀይር «አራት ቀን አልኩሽ፣ አራት ቀን ሰጠሁሽ» አለኝ።

በኋላ ትኬቶቹ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ደመርኩት። ስምንቱም አንድ ላይ ከከፈልኩት ግማሽ እንኳን አይሞሉም። ቀሪው የሆቴሉ ነው እንዳልል ሆቴሉን አይቼዋለሁ። «ከአዳራሹ 10 ደቂቃ» የተባለው ከከተማው ወጣ ብሎ አውራ ጎዳና ዳር ነው። 10 ደቂቃ የሚሆነው በሌሊት ባዶ መንገድ ላይ በመኪና ነው። ማታ ማታ ታክሲ ሌላ ገንዘብ በላ።

ሐሙስ ቀን ኖርዝ ስቴሽን ሄድን። አዳራሹ ከባቡር ጣቢያው በላይ ነው። ትኬት ያላቸው ሰዎች ባንዲራና ለስኬተሮቹ የሚሰጡትን አሻንጉሊት ይዘው በአጠገባችን ያልፋሉ። እኛ ታች ቁጭ ብለን አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፈልን፤ አንዱ በእሷ ጆሮ፣ አንዱ በእኔ። ማሊኒን ከራሳችን በላይ ይንሸራተታል፣ እኛ በስልክ እናየዋለን። 110.41 የሚለው ነጥብ ሲወጣ ልጅቷ አላጨበጨበችም። ማዳመጫውን አውጥታ በጥንቃቄ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ያቺን ሰዓት እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ጥንዶቹን ማየታችን አልከፋኝም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ሐሙስ ማታ ጃፓናውያኑ ሚውራና ኪሃራ ጀርመኖቹን ከአንድ ነጥብ ባነሰ ልዩነት አሸንፈው ወርቁን ሲወስዱ ቆመን ጮኸናል። እውነተኛ ስኬቲንግ ነው፤ መርጬ ብገዛው ኖሮ ደስ ብሎኝ እገዛው ነበር። የበደለኝ ያላዘዝኩትን ባዘዝኩት ዋጋ መሸጡ ነው።

ዓርብ ማታ ግን አልቻልኩም። ለመመለሻና ለድንገተኛ ብዬ የያዝኩትን ገንዘብ አውጥቼ ከአዳራሹ ሕጋዊ መሸጫ ሁለት የላይኛው ፎቅ ወንበር ገዛሁ። አሊሳ ሊዩን አየናት። በ16 ዓመቷ በቃኝ ብላ ትታው የነበረች ልጅ ናት፤ ተመልሳ መጥታ፣ የሚያብረቀርቅ የወርቅ ቀለም ቀሚስ ለብሳ ገባች። አንድ ዝላይ በዘለለች ቁጥር የእህቴ ልጅ ጥፍር እጄ ላይ ይተከላል። ስትጨርስ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ። ከ2006 ወዲህ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ናት። ከዚያ ሁሉ ሩቅ ወንበር ላይ ሆነን ስትስቅ ጥርሷ ይታየን ነበር።

የቅዳሜ ማታውን የወንዶች ረጅሙን መግዣ አልቀረኝም። ማሊኒን በ318.56 ሻምፒዮን ሲሆን እኛ ወደ ቤት በሚመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነበርን።

ገንዘቤን ለማስመለስ ሞክሬያለሁ። ባንኩ «ራስሽ ነሽ የላክሽው» አለኝ። በዜል ራሳችሁ ፈቅዳችሁ የላካችሁት ገንዘብ በእጅ እንደሰጣችሁት ጥሬ ብር ነው፤ ከሄደ ሄደ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ ሕግ ከጎኔ ነበር። የተገዛው ነገር እንደተስማማችሁት ካልቀረበ፣ ሒሳቡ ያለበት ወረቀት ከተላከላችሁ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሁፍ መከራከር ትችላላችሁ። «ካርድ አልቀበልም፣ ዜል ብቻ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ሻጩን ስታናግሩ ቀኑን አትጠይቁ፤ የውድድሩን ስም ጠይቁ። «ሐሙስ የወንዶች አጭሩ ነው ወይስ ማታው?» በሉት። ከዚያ ክፍሉን፣ ረድፉን፣ የወንበሩን ቁጥር። መመለስ ካልቻለ ትኬቱ እጁ ላይ የለም። የትኬቱን የስክሪን ፎቶ ልላክልሽ ካለም አትቀበሉ። የብዙ አዳራሾች የስልክ ትኬት ላይ ያለው ኮድ በየጊዜው ይቀያየራል፤ ፎቶው በር ላይ አይሠራም። በሕጋዊው መተግበሪያ ወደ ራሳችሁ ስልክ መተላለፍ አለበት።

ወንበርን በተመለከተ ደግሞ «ከበረዶው አጠገብ» የሚለው ቃል አያታላችሁ። ታች ማዕዘን ላይ ከተቀመጣችሁ ስኬተሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ ጀርባውን ብቻ ነው የምታዩት። ስኬተሮቹ ነጥብ የሚጠብቁበት መቀመጫ ወይም የካሜራ መቆሚያ ከፊታችሁ ሊገተር ይችላል። በበረዶው ረጅሙ ጎን፣ መሃል አካባቢ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ወንበር ይሻላል። እኔ ዓርብ ማታ ከላይ ሆኜ ያየሁት የእግራቸው ሥዕል፣ ሐሙስ ታች ማዕዘን ላይ ሆኜ አልታየኝም ነበር።

አንድ ሰው ብላችሁ ለምትሄዱም አንድ ነገር ልጨምር። አጭሩን ካቀረቡት ወንዶችና ሴቶች ወደ ረጅሙ የሚያልፉት 24 ብቻ ናቸው፤ በጥንዶችና በአይስ ዳንስ 20። የምትወዱት ልጅ ከትንሽ አገር የመጣ ጀማሪ ከሆነ የረጅሙን ትኬት ብቻ ገዝታችሁ ሳታዩት ልትቀሩ ትችላላችሁ። ለእሱ ስትሉ ከሆነ አጭሩን ግዙ። ተጎድቶ ቢቀርም የትኬቱን ገንዘብ የሚመልስ የለም።

ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የትኬትና የሆቴል ሻጮች የግዴታ ክፍያዎችን ጨምረው ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ደንብ ወጥቷል። መጨረሻ ላይ «የአገልግሎት» እያለ የሚጨምርባችሁን እዚያው ተዉት።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ያ ማስታወቂያ ሰሞኑን ደግሞ ስለመጣልኝ ነው። አሁን የተለጠፈው የአሊሳ ሊዩ ፎቶ ነው። በጓደኛዬ ስልክ ጻፍኩለት። «የሴቶቹ ረጅሙ አለበት? የትኛው ረድፍ ነው?» አልኩት። ወዲያው መለሰ። «እህቴ፣ ምንም አታስቢ፣ አራት ቀን ነው።»