ለኪስም ለእጅም የሚመች ሴንጢ፦ አራቱን ጎን ለጎን እንያቸው

ሴንጢ ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ብረቱ ነው። ሳይሳል ስንት ጊዜ ይቆያል? ይዝጋል ወይስ አይዝግም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን በየቀኑ ይዛችሁት የምትወጡትን ሴንጢ የሚያስወድደው ወይም መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀረው ብረቱ አይደለም፤ እጀታው ነው። ስትጫኑት መዳፍ የሚቆረቁር፣ ስትቀመጡ ጭን የሚወጋ ሴንጢ ብረቱ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ቤት ይቀራል።

አስቸጋሪው ነገር ኪስና እጅ የሚፈልጉት አለመመሳሰሉ ነው። ኪስ ቀጭንና ቀላል ነገር ይወዳል። እጅ ደግሞ ወፈር ያለ፣ ጠርዝ የሌለው ነገር ይወዳል። ሁለቱን እኩል የሚያስደስት ሴንጢ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ለየትኛው እንደምታደሉ ወስኑ። ሥራችሁ ፖስታ መክፈትና ክር መበጠስ ከሆነ ለኪስ አድሉ። ካርቶን፣ ገመድና እንጨት ላይ የምትውሉ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ለእጅ።

የእጀታን ነገር ወፍራም ካርቶን ያወጣዋል። ፖስታማ የትኛውም ሴንጢ ይከፍታል። ድርብ ካርቶን ሲሆን ግን መግፋት አለ፣ መጫን አለ። እጀታው ቀጭን ከሆነ ኃይሉ ሁሉ ጠባብ መስመር ላይ ያርፋል። ከጣቶቻችሁ ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ማቃጠል ይጀምራል። ኪስ ጠርዝ ላይ የሚሰካበት ክሊፕ ያለው ከሆነ የክሊፑ ጫፍ መዳፍ ላይ ምልክቱን ትቶ ይነሣል። አውራ ጣት የሚያርፍበት የስለቱ ጀርባም ጠርዙ ካልተለሰለሰ ቆዳ ይልጣል። አራቱን፣ ማለትም ኦፒኔል ቁጥር 8ን፣ ቪክቶሪኖክስ ስፓርታንን፣ ስፓይደርኮ ዴሊካ 4ንና ቤንችሜድ ባግአውትን የማወዳድረው በዋናነት በዚህ ነው።

ኦፒኔል ቁጥር 8

ለእጅ ብቻ ብትጠይቁኝ መልሴ ይሄ ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል ይህን ሴንጢ በፈረንሳይ ሳቯ ግዛት የሠራው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቅርጹ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተነካም። እጀታው ድፍን የእንጨት ዘንግ ነው፤ መሐሉ ወፈር፣ ጫፉ ደግሞ ሰፋ ይላል። ጠርዝ የሚባል ነገር የለውም። በየትኛውም አቅጣጫ ብታዞሩት መዳፍ ውስጥ ቦታውን ያገኛል። ስለቱ 8.5 ሴንቲሜትር ነው፤ ክብደቱ በሙሉ 50 ግራም ገደማ። ስለቱ ስስ ስለሆነ ካርቶኑን ሳይሰነጥቅ ያልፋል። ስለቱ ስስ ሲሆን የምትጫኑት ያንሳል፤ የምትጫኑት ሲያንስ መዳፍም አይጎዳም። ይህ የምቾት ግማሹ ነው፤ ሻጮች ግን ብዙም አይነግሯችሁም።

መቆለፊያው በ1955 እ.ኤ.አ. የተጨመረ ተሽከርካሪ የብረት ቀለበት ነው። ስለቱን ትከፍታላችሁ፣ ቀለበቱን በአውራ ጣት ታዞራላችሁ፣ አለቀ። ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንድ እጃችሁ ዕቃ ይዞ ከሆነ አትከፍቱትም። ሌላው ችግር እርጥበት ነው። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ በጥፍር ብትጎትቱት ጥፍር ይሰበራል እንጂ አይወጣም። እዚያው ሳቯ ውስጥ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፦ ቀለበቱን ፈትቶ የእጀታውን ጭራ ጠንካራ ነገር ላይ ኳ ማድረግ። ስለቱ ራሱ ብቅ ይላል፤ የቀረውን በጣት ማውጣት ነው።

ከሁለት ዓይነት ብረት ይመጣል። ካርበን የተባለው ቶሎ ይሳላል፣ ሎሚ ከነካው ግን ይጠቁራል፣ እርጥብ ከተዋችሁት ይዝጋል። ለኪስ የማይዝገውን ውሰዱ። ላብም እኮ ውኃ ነው። ክሊፕ የለውም፤ ኪስ ሥር ገብቶ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይንከባለላል።

ቪክቶሪኖክስ ስፓርታን

የስዊዘርላንዱ ቀዩ ሴንጢ። ሲታጠፍ 9.1 ሴንቲሜትር ነው፤ ክብደቱ 60 ግራም አካባቢ። ትልቅና ትንሽ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ የቡሽ መንቀያ፣ ወረንጦና ስቴኪኒ ሁሉ አለው። ጎኑ ልሙጥ፣ ጫፎቹ የተከበቡ ናቸው። ኪስ ውስጥ መኖሩን ትረሱታላችሁ። ጨርቅ አይቀድም፣ ስልክ አይጭርም። ከአራቱ ለኪስ የሚስማማው ይሄ ይመስለኛል።

እጅ ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጎኑ ልሙጥ ስለሆነ በላብ ይንሸራተታል። አጥብቃችሁ ስትጫኑ ከጀርባው የተኛው የቡሽ መንቀያ መዳፍ ላይ ይሰማል። መቆለፊያም የለውም፤ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው። ወደ ታች ስትቆርጡ ችግር የለም። ጫፉን ወግታችሁ ከነቀነቃችሁት ግን ጣት ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ይህን እያወቃችሁ ለቀላል ሥራ ከተጠቀማችሁበት ዕድሜ ልክ ያገለግላችኋል። ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደንዛል፤ በትንሽ መሳያ ድንጋይ ግን ወዲያው ይመለሳል።

ስፓይደርኮ ዴሊካ 4

የሁለቱንም ወገን ጥያቄ ለማስታረቅ በጣም የሞከረው ይሄ ነው። ስለቱ 7.3 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 70 ግራም አካባቢ። ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፤ አውራ ጣታችሁን እዚያ ላይ አድርጋችሁ በአንድ እጅ ትከፍቱታላችሁ። እጀታው ፋይበር ያጠነከረው ፕላስቲክ ነው፣ ገጹ ሻካራ። እርጥብ እጅ እንኳ አያንሸራትተውም። የኪስ ክሊፕን ከታጣፊ ሴንጢ ጋር ያስተዋወቀው ራሱ ስፓይደርኮ ነው፣ በ1981 እ.ኤ.አ.።

ክሊፑ ነው ምቾቱን የሚቀንሰው። ሰፊና ጎላ ያለ ስለሆነ ረጅም ሥራ ላይ ከጣቶቻችሁ ሥር ይሰማችኋል። ሻካራው ገጽም ሱሪያችሁን ክሊፑ ሥር ቀስ በቀስ ይበላዋል። እጃችሁ ትልቅ ከሆነ ትንሿ ጣት ቦታ ታጣለች፤ ያኔ የዚሁ ዓይነት ታላቅ ወንድም የሆነውን ኢንዱራን ማየት ነው። መቆለፊያው ከጀርባ የሚጫን ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ለማጠፍ ግን መጀመሪያ አካባቢ ልምምድ ይፈልጋል።

ቤንችሜድ ባግአውት

በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ያስገረመው ክብደቱ ነው፦ 52 ግራም፣ ስለቱ ግን 8.2 ሴንቲሜትር። ክሊፑ አጭር ነው፤ ሴንጢውን ከኪስ ጥልቅ ያደርገዋል። ላለመክበድ ከሆነ ምንም አይወጣለትም። መቆለፊያው ስለቱን አቋርጦ የሚያልፍ ትንሽ ዘንግ ነው፤ ከሁለቱም ጎን በጣት ወደ ኋላ ይሳባል። ስታጥፉት ጣታችሁ የስለቱ መንገድ ላይ አይገባም፤ ይህን በጣም ነው የምወድለት።

ለዚያ ክብደት የተከፈለው ዋጋ እጀታው ነው። ቀጭን ነው። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ትንሽ ሲለምጥ ይሰማችኋል። አይሰበርም፣ ግን ድርብ ካርቶን ላይ መዳፍ መጀመሪያ የሚያማርረው በዚህኛው ነው። ከአራቱም ውዱ ነው። አስመስለው የሚሠሩትም ስለሚበዙ ከታመነ ሻጭ ካልሆነ አትግዙት።

ብረቱን በአጭሩ ልጨርሰው። የባግአውት ብረት ከአራቱ ረጅም ጊዜ ሳይደነዝ ይቆያል፤ ሲደነዝ ግን ለመሳል ትዕግሥት ይፈልጋል። ዴሊካ መሐል ላይ ነው። ኦፒኔልና ስፓርታን ቶሎ ይደነዝዛሉ፣ ቶሎም ይሳላሉ። መሳል የማትወዱ ከሆነ ባግአውትን፣ መሳል የማያስቸግራችሁ ከሆነ የቀሩትን።

ሕጉንም ሳትጠይቁ አትግዙ። ከአገር አገር በጣም ይለያያል። ለምሳሌ በብሪታንያ በቂ ምክንያት ሳይኖራችሁ ይዛችሁ መንቀሳቀስ የምትችሉት መቆለፊያ የሌለው፣ የሚቆርጠው ክፍል ከ7.62 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ታጣፊ ብቻ ነው። ከአራቱ እዚያ የሚያልፈው ስፓርታን ነው፤ የሌሎቹ ጥንካሬ የሆነው መቆለፊያ እዚያ ጣጣ ያመጣል። በአውሮፕላን ስትሄዱ ደግሞ የትኛውንም ቢሆን የእጅ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ ፍተሻ ላይ ይወሰድባችኋል።

ግራኝ ከሆናችሁ ምርጫው ይጠባል። የስፓርታን ጥፍር ማስገቢያ በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ በግራ እጅ መክፈቱ ያስቸግራል። ኦፒኔል ለግራኝ የተሠራ ቁጥር 8 አለው፤ ስትገዙ እሱን ብላችሁ ጠይቁ። ዴሊካና ባግአውት ግን ልዩነት የላቸውም። ክሊፑን በብሎን ፈታችሁ ወደ ሌላው ጎን ማዞር ብቻ ነው፤ መክፈቻውም መቆለፊያውም ለሁለቱም እጅ እኩል ይሠራል።