ከአደጋ በኋላ ብስክሌቱን ለዚህ መካኒክ አሳዩት

ሀዋሳ ውስጥ ባጃጅ የገጨው ተወዳዳሪ ቤታችሁ ካለ፣ ሐኪም ፈቀደለት ብላችሁ ያንኑ ብስክሌት ዝም ብላችሁ አትስጡት። መጀመሪያ ፒያሳ አካባቢ ያለችው ጠባብ ጥገና ቤት ውሰዱት። መካኒኩ የታናሽ ወንድሜን ብስክሌት ፈታታ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን የካርቦን ሹካ አወጣና ጆሮውን አስጠግቶ በሳንቲም ያንኳኳው ጀመር፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ታፈነ፣ ጠረግ ሲያደርገው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ! ካርቦን እንደ ብረት ጎብጦ አያስጠነቅቅም፣ ድንገት ነው የሚሰበረው። የተመታውን ሄልሜትም አስቀይሮታል፣ ደግ አደረገ። ዋጋው ደህና ነው። ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግን ያስጠብቃል። ወንድሜ ተጣድፎ ነበር፤ ታዋቂው ኮሎምቢያዊ ብስክሌተኛ ኤጋን በርናል እንኳ እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ከቆመ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ወደ ውድድር የተመለሰው ከሰባት ወር ገደማ በኋላ ነው። ቅዳሜ ወረፋ አለ፣ በጠዋት ሂዱ።