«የቅዝቃዜ ምርመራ» ያዘዘልኝ ተርጓሚ

ሕንድ ውስጥ ቼናይ ከተማ፣ ታምባረም አካባቢ ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። የአካባቢውን ቋንቋ ታሚልን ስለማልችል ላለፉት ሦስት ወራት በወር 249 ሩፒ እየከፈልኩ አንድ የትርጉም መተግበሪያ ስጠቀም ቆይቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይመስለኝም። ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱን ያገኘው በካሜራው ነው።

ካሜራው ጎበዝ ነው። ታሚል 12 አናባቢና 18 ተነባቢ አለው፤ ከነጥምራቸውና ከአንዲት ልዩ ሆሄ ጋር 247 ሆሄ ይሆናል። የእኛን ፊደል ገበታ ለቆጠረ ሰው ባያስደነግጥም ለእኔ ሁሉም ክብ ክብ ነው። መተግበሪያው ግን የአውቶቡስ ሰሌዳውንም የመብራት ደረሰኙንም ሳይደናበር ያነበዋል። አንድ ግድግዳ ላይ «ካሰኖይ» የሚል ጽሑፍ አይቼ ስደቅንበት «ሳንባ ነቀርሳ» አለኝ፤ ልክ ነው። ካሰ በሳንስክሪት ሳል፣ ኖይ በታሚል በሽታ ስለሆነ ቃል በቃል ቢሄድ «የሳል በሽታ» ብሎ ያሳስተኝ ነበር። ማስታወቂያው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው ይመርመር ይላል። ይህችን ያዙልኝ።

ጆሮው ላይ ብዙ አልቆይም። ታሚል ውስጥ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚባል «ል» አለ፤ «ፑሊ» በታጠፈ ምላስ ታማሪንድ የሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ሲሆን ባልታጠፈ ምላስ ነብር ነው። እኔ ስናገር መተግበሪያው ሁልጊዜ ነብር ይሰማል።

ዋናው ጉድ «ሰሊ» ላይ ነው። ባለፈው ወር ሳል ጀመረኝ። አከራዬ አማ (እናት ማለት ነው፤ እዚህ ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ እንዲህ እንጠራቸዋለን) ከደረጃው ሥር ሆነው «ተምቢ፣ ሰሊ ፒዲቺሩካ?» አሉኝ። ስልኬን ዘረጋሁ። «ታናሽ ወንድም፣ ቅዝቃዜ ይዟል?» አለ። ገባኝ፤ እኛስ ብርድ መታኝ እንል የለ? ያናደደኝ በኋላ ነው። ፒዲ መያዝ ማለት ነው፤ ለካ አማ የጠየቁኝ እናቴ የምትጠይቀኝን ነበር፦ ጉንፋን ያዘህ እንዴ?

ሳሉ ሁለት ሳምንት አለፈው። ታምባረም ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ሳል ዝም አይባልም። ከእኛ ቤት በእግር የሚደረስበት የባቡር ጣቢያ ራሱ «ታምባረም ሳናቶሪየም» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1928 እ.ኤ.አ. እዚህ ከተከፈተው የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ነው፤ ዛሬ የመንግሥት የደረት ሆስፒታል ሆኗል። አማ እየገፉ አንድ ጤና ጣቢያ ላኩኝ። እዚያም ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃና ወረቀት ሰጡኝ፦ «ሰሊ ፐሪሶደነይ»፣ ነገ ጠዋት። ካሜራዬ አነበበ፦ «የቅዝቃዜ ምርመራ»።

የቅዝቃዜ ምርመራ ምን ይሆን ብዬ አመሸሁ። ዕቃውን አየሁት፣ ክዳኑን አየሁት። በማግስቱ ጠዋት ሽንት ሞልቼ ሄድኩ።

የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ዕቃውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ደረቷን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ከልቧ አሳለችና «ሰሊ! ሰሊ!» አለች። ሰሊ አክታ ነው! ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። አፍህን ተጉመጥመጥ፣ አየር በደንብ ሳብ፣ ከሥር አውጣ፣ ነገ ከእንቅልፍህ እንደነቃህ ይሁን፤ ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ በእጇ ነው፣ ያለ 249 ሩፒ።

ነገሩን ቤት ሆኜ ስፈታው ይህን ይመስላል። ሰሊ አክታም ነው፣ ንፍጥም ነው፣ ጉንፋንም ነው። «ኔንጁ ሰሊ» ሲሉ ኔንጁ ደረት ስለሆነ ደረት ላይ የተቀመጠው አክታ ነው። መተግበሪያው ከታሚል ወደ አማርኛ ቀጥታ የሚሄድ አይመስለኝም፤ በእንግሊዝኛ በኩል ይዞራል። መጀመሪያ ከሦስቱ ትርጉም ጉንፋንን ብቻ ይዞ አክታን ይጥላል። ቀጥሎ እንግሊዝኛ ጉንፋንንና ቅዝቃዜን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ጉንፋንንም ጥሎ እኔ ጋ ባዶ እጁን ይደርሳል።

በምትኩ ምን ልጠቀም ለሚል፦ የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ከ1924 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. በስድስት ቅጽ ያሳተመው ትልቁ የታሚል መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይፈለጋል። ከመቶ ሺህ በላይ ቃል አለው። ካሜራ የለው፣ ጆሮ የለው፤ ፍቺው በታሚልና በእንግሊዝኛ ነው። ተጣድፎ ለሚጠይቅ ሰው አይሆንም። ግን አክታውንም ጉንፋኑንም ያስቀምጥልሃል፤ ምርጫው የአንተ ነው። እግረ መንገዴንም ሳንባ «ኑረይ ኢረል» እንደሚባል አየሁ፤ የአረፋ ጉበት እንደማለት። ጉበቱ ራሱ «ከል ኢረል»፣ የድንጋይ ጉበት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ስገረም አሳልፌያለሁ።

ውጤቴ ነፃ ሆነ፤ ምርመራውም ክፍያ አልነበረውም። መተግበሪያው ውስጥ «ትርጉሙን አርም» የሚል ቁልፍ ስላለ «ሰሊ ፐሪሶደነይ፦ የአክታ ምርመራ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። «እናመሰግናለን» የሚል መልስ ወዲያው ደረሰኝ። ትናንት ማታ መልሼ ሞከርኩት። የቅዝቃዜ ምርመራ።