የግኖም ቅጥያ ፍተሻ፦ ዶግቴል፣ የስክሪን ፎቶ ወይስ ኦፕንኪውኤ?

ግኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በየስድስት ወሩ፣ በመስከረምና በመጋቢት፣ አዲስ እትም ያወጣል። ቅጥያ፣ ማለትም ዴስክቶፑ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ለሚሠራ ሰው እነዚህ ሁለት ወራት የጭንቅ ናቸው። ቅጥያው የሚሠራው አሞሌውንና ምናሌውን ከሚያሳየው ዋና ፕሮግራም፣ ከግኖም ሼል፣ ጋር በአንድ ሂደት ውስጥ ስለሆነ አንዲት የተሳሳተች መስመር መላውን ዴስክቶፕ ይዛ ልትወድቅ ትችላለች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የወጣው ግኖም 45 የጃቫስክሪፕት ሞጁሎች የሚጫኑበትን መንገድ ሲለውጥ፣ ለ44 የተጻፉ ቅጥያዎች ሳይስተካከሉ መሥራት አቆሙ። በየእትሙ እያንዳንዱን ቁልፍ በእጅ እየተጫኑ መፈተሽ አድካሚ ብቻ ሳይሆን የሚያሳስትም ነው፤ ሰው ሲደክመው ያላየውን አየሁ ይላል።

ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው፣ ፍተሻውን ለኮምፒውተሩ የሚተዉት ሦስቱም መንገዶች በነጻ የሚገኙ ናቸው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ዋጋቸው ሌላ ነው፦ የኮምፒውተሩ ራም፣ የኢንተርኔት ጥቅልና መብራት። ለምሳሌ የምወስደው በላይኛው አሞሌ ላይ የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ የሚያሳይ ቅጥያ ነው።

ዶግቴል በፓይተን የተጻፈ ሲሆን ስክሪኑን አያይም። የሚያነበው ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀውን የተደራሽነት መረጃ ነው፤ ስክሪን አንባቢው ኦርካ የሚጠቀምበትንም ማለት ነው። «ጳጉሜን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቁልፍ ፈልግ፣ ተጫን፣ ምናሌው መከፈቱን አረጋግጥ» ትሉታላችሁ፣ ያደርጋል። ክብደት የለውም፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ግኖም ራሱ ከተነሣ ዶግቴል አይከብደውም። የምወድለት ሌላም ነገር አለ፦ ቁልፋችሁ የተደራሽነት ስም ካልተሰጠው ዶግቴል አያገኘውም። ስለዚህ ፍተሻው እንዲሠራ ብላችሁ የምትጽፉት ስም በዚያው ለዓይነ ስውሩ ተጠቃሚ ይደርሳል። ችግሩ ዌይላንድ በተባለው አዲሱ የስክሪን ማሳያ ሥርዓት ላይ ነው፤ ማውሱን በትክክል ለማንቀሳቀስ ግኖም ፖኒቴይል ዴሞን የተባለ ረዳት ይፈልጋል፣ እሱን ማስተካከል ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለእኛ ግን ከዚህ የባሰ ጉድለት አለው። ፍተሻው የሚካሄድበት ማሽን ላይ የግዕዝ ፊደል ፎንት ካልተጫነ፣ ቅጥያው «ጳጉሜን 6» ብሎ ይጽፋል፤ ዶግቴልም «ጳጉሜን 6» ብሎ ያነባል፣ ፍተሻውም ያልፋል። ስክሪኑ ላይ በፊደሎቹ ምትክ ያለው ግን የሳጥኖች ረድፍ ነው። ለላቲን ፊደል የሚሠራ ሰው ይህ ላያሳስበው ይችላል። በአማርኛ ለሚሠራ ግን ምርጫውን የሚወስነው ይህ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያየውን የማያይ ፍተሻ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው መንገድ ግኖም ሼልን በኮንቴይነር፣ ማለትም ከተቀረው ኮምፒውተር ተለይቶ ፕሮግራም በሚሠራበት ክፍል፣ ውስጥ አስነሥቶ የስክሪን ፎቶ ማንሣትና ከተቀመጠ ናሙና ጋር ማስተያየት ነው። ሳጥኖቹን ወዲያው ይይዛቸዋል። ነገር ግን ላልተበላሸውም ይጮኻል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የወጣው ግኖም 48 መደበኛ ፎንቱን ከካንታሬል ወደ አድዋይታ ሳንስ ሲቀይር፣ ቁጥሮቹ ቅርጻቸውም ስፋታቸውም ስለተለወጠ የድሮ ናሙናዎች ሁሉ እንደገና መነሣት ነበረባቸው። ስለዚህ ሙሉውን ስክሪን አታነጻጽሩ፤ የቀኑን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ አስቀምጡ። እንደ ሰው ቁልፍና ማውስ በሚጫነው መሣሪያ፣ በኤክስዱቱል፣ የተጻፉ የቆዩ ምሳሌዎች ብታገኙም አዲስ ሥራ አትመሥርቱባቸው፤ ኤክስዱቱል የሚሠራው በቀድሞው የማሳያ ሥርዓት፣ በኤክስ11፣ ላይ ሲሆን፣ ግኖም 49 ኤክስ11ን በመደበኛነት ዘግቶታል። ሼሉን ያለ ስክሪን፣ በምናባዊ ሞኒተር ማስነሣት ዛሬ የተሻለው መንገድ ነው።

የኮንቴይነር ትልቁ ጥቅም ኢንተርኔት ላይ ነው። ኮዱ በኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ፍተሻው እዚያው በነጻ ይካሄዳል፤ ከእናንተ የሚላከው የተለወጠው ኮድ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ፍተሻው ይቀጥላል፣ ውጤቱንም በስልክ ታዩታላችሁ።

ኦፕንኪውኤ ኦፕንሱዜ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ሰዎች የሠሩት፣ ሌላው ስርጭት ፌዶራም ግኖምም የሚጠቀሙበት ነው። ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም፣ አስነሥቶ እንደ ሰው ይጫናል፣ ስክሪኑንም ከናሙና ምስል ጋር ያስተያያል። የትኛው ቦታ፣ በስንት ከመቶ መመሳሰል እንዳለበት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ በፎንት ለውጥ ቶሎ አይደናገጥም። ቨርቹዋል ማሽኑ የራሱ ሰዓት አለው። ኮንቴይነር ግን ሰዓቱን ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር ስለሚጋራ ቀን ለሚያሳይ ቅጥያ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ክፍያው ግን ከባድ ነው፦ ከ16 ጊጋባይት ያነሰ ራም ባለው ማሽን አልመክረውም፣ ለእያንዳንዱ እትም የሚወርደው ፋይል በጊጋባይት ይቆጠራል፣ አገልጋዩን መጠበቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ገንዘብ የሚከፈልባቸው መሣሪያዎችም አሉ። አብዛኞቹ የተሠሩት ለድረ ገጽ፣ ለዊንዶውስ ወይም ኪውት በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ለተሠሩ መተግበሪያዎች ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የግኖም ሼልን የራሱን አሞሌና ምናሌ ማየት ይችላል? አሳዩን በሉ፤ ካላሳየ አትክፈሉ።

ደሴ ላይ በአንድ ላፕቶፕ ብቻውን የሚሠራ ሰው የኮንቴይነሩን መንገድ ይያዝ፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ የግዕዝ ፎንት መጫኑን የመጀመሪያ መስመሩ ያድርገው፣ ለቁልፎቹ ደግሞ ዶግቴልን ይጨምር። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ በቡድን ለሚሠሩ፣ የጋራ አገልጋይና የኬብል ኢንተርኔት ካገኙ፣ ኦፕንኪውኤ ልፋቱን ይክሳል። ከግኖም ይልቅ ሌላውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ፣ ኬዲኢ ፕላዝማን፣ የሚጠቀሙም የዶግቴል ዓይነት አማራጭ አላቸው፤ ኬዲኢ በድረ ገጽ መፈተሻው በሴሌኒየም ላይ የገነባው መሣሪያ የሚያነበው ያንኑ የተደራሽነት መረጃ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የቀን ስሌቱን በስክሪን አትፈትኑ፤ እሱ በተራ ኮድ በቅጽበት ይፈተሻል። ስክሪኑ ላይ የሚፈተሸው ጳጉሜን ስድስት ቀን ሲኖራት ስድስተኛዋ ቀን በምናሌው ላይ ቦታ ማግኘቷ ነው። ለዚህም የቨርቹዋል ማሽኑን፣ በኮንቴይነር ከሆነ የአስተናጋጁን ኮምፒውተር፣ የኢንተርኔት ሰዓት ማመሳሰያ አጥፉና ቀኑን ወደ ጳጉሜን 6 ቀን 2019፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027፣ አዙሩት።