ለእናቴ የገዛሁት የግፊት መለኪያ

የእናቴ ግፊት ሐኪም ቤት ሲለካ ይወጣል። እሷ ግን «ምንም የለብኝም» ነው የምትለው። ሐኪሟ «ጋዋን ሲያዩ ብቻ ግፊታቸው የሚጨምር ሰዎች አሉ፤ እቤት እየለካችሁ ጽፋችሁ አምጡልኝ» አሉን። መለኪያውን የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን አልጠራም። ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል ነው፤ በአራት ደብል ኤ ድንጋይ ይሠራል።

ያገኘሁት ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች ካንዱ ነው። ዋጋውን ብጽፍ በሚቀጥለው ሳምንት ውሸታም መባሌ አይቀርም፤ ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ነበር። «ቀላል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል» አለኝ። መግባቱስ ይገባል። ግን አንጓው ከልብ ትይዩ ካልሆነ ቁጥሩ ይዛባል፣ እናቴ ደግሞ እጇን ሳታወናጭፍ ማውራት አትችልም። የክንዱን ያዝኩ። እዚያው ተከፍቶ ተሞከረልኝ፣ ከነደረሰኙ ወሰድኩት። ሳያስሞክር የሚሸጥ ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ቁጥሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ እናቴ ያለመነጽር ታነባቸዋለች። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ዝም ማለት ነው። ችግር ያለው ዝም ማለቱ ላይ ነው። አንድ እሑድ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ «እስቲ ለኪኝ» አለች። ማሰሪያው እየተነፋ እሷ ስለ ዕድሯ ጸሐፊ ታወራለች። 158/92 ወጣ። ክው አለች። ስኒው ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ጀርባዋን አስደግፌ፣ እግሯን መሬት አስረግጬ፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ ደግሜ ለካኋት። 134/82! ቡና፣ ወሬ፣ እግር ማጠላለፍ፣ ሽንት ይዞ መቀመጥ፣ ሁሉም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። አሁን አምስት ደቂቃ በጸጥታ ትቀመጣለች፣ ከዚያ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ እንለካለን። ጠዋት መድኃኒቷን ሳትወስድ፣ ማታ ደግሞ ከመተኛቷ በፊት።

እቤት ሲለካ መመዘኛው ከሐኪም ቤቱ ዝቅ ይላል። እዚያ 140/90 ነው፣ እቤት ግን አማካዩ 135/85 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። በአንድ ቀን ቁጥር ግን መድኃኒት መጨመርም ማቆምም የለም። 180/120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአፍ መተሳሰር ካለ ግን ደግሜ ልለካ ሳትሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ቅሬታዬ ሰዓቱ ላይ ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ጠዋት 1:30 የለካነውን 7:30 ብሎ ያስቀምጣል። እናቴ ደግሞ በደብተሯ በኛው ትጽፋለች፤ ሐኪሟ ሁለቱን ሲያስተያዩ ግራ ተጋቡ። በኛ ሰዓት ልሙላው አልኩና ተውኩት፤ የጠዋቱንና የማታውን አማካይ የሚለየው በራሱ ሰዓት ነዋ። አሁን ደብተሩ ላይ «ጠዋት»፣ «ማታ» ብቻ ነው የሚጻፈው። ርካሽ ድንጋይ ደግሞ ቶሎ ይጨርሳል።

ሌላው የማሰሪያው ልክ ነው። ማሽኑ ከገባ ወዲህ የአራት ኪሎ ጎረቤት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ብቅ ማለት ለምዷል። ከእኛ በላይ ያሉት ጋሼም መጡ፤ ክንዳቸው ግን የዋዛ አይደለም። ሳጥኑ ላይ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ የእሳቸው በልብስ ሰፊ ሜትር 36 ሆነ። ማሰሪያ ሲጠብ ግፊቱን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል። «በከንቱ አላስደነግጥዎትም» ብዬ ሳልለካቸው ቀረሁ፣ ትንሽ አኮረፉኝ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የክንዱን መሃል ለኩ። የእኛን ማሽን የሚገጥም ትልቅ ማሰሪያ ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ለገሃር ብጠይቅም አላገኘሁም። ያየ ካለ ይጠቁመኝ፣ ጋሼ ይጠብቃሉ።